ያረጀ የወንበር ትራስ የትኋን ማደሪያ እንዳይሆን

የቤቱን ወለል በየማለዳው የሚያስጠርግ፣ ልጆቹንም እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ የማያቀርብ ሰው እንኳ እንግዳ የሚያስቀምጥበትን የወንበር ትራስ ገልብጦ የሚያየው ከስንት አንድ ቀን ነው። ጨርቁ ሲሳሳ፣ ስፌቱ ሲተረተር፣ በውስጡ ያለው ጥጥ ወይም ስፖንጅ ሲረግብ ግን ትራሱ የዕረፍት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የተባይ ማደሪያ ሊሆን ይችላል።

ትኋን ቀን ቀን በስፌትና በእንጨት ስንጥቅ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። እንስቷ በዕድሜዋ ከ200 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በሞቃት ቤት እንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ያደገ ትኋን ደም ሳያገኝ ብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ወንበሩን ለጥቂት ሳምንት ጓዳ መክተት አይጠቅምም። ትኋን በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን የነከሰው ስፍራ ሲታከክ ቆስሎ ሊያመረቅዝ ይችላል። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅም በማግሥቱ በትምህርት ቤት ያንቀላፋል። ስለዚህ መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ ከመገሠጹ አስቀድሞ የልጁን ክንድና አንገት ቢመለከት መልካም ነው።

እንግዲህ ትራስ የሚለውጥ ሰው የሚከተለውን ይፈጽም።

1ኛ/ አሮጌውን ትራስ ቤት ውስጥ ሳይቀድድ በከረጢት ከትቶ፣ አፉን አስሮ ያውጣ። ተባይ ያለበትን ትራስ ለጎረቤት መስጠት ተባዩን መስጠት ነው። ስፖንጅ ሲቃጠል መርዘኛ ጢስ ስለሚያወጣ በግቢ ማቃጠል አይገባም።

2ኛ/ የወንበሩን እንጨት፣ ይልቁንም ማጋጠሚያውንና የምስማሩን ቀዳዳ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ፈትጎ ያድርቅ፤ ስንጥቁንም ይድፈን። ትኋን በወንበር ከተገኘ በአልጋም አይታጣምና አልጋው አብሮ ይመርመር።

3ኛ/ ለአዲሱ ሽፋን አቡጀዲን የመሰለ፣ መቀቀል የሚችል ጨርቅ ይምረጥ። ጨርቁ በኋላ እንዳያጥር ከመሰፋቱ በፊት ታጥቦ ይድረቅ። ሽፋኑ በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚወልቅ ይሁን፤ በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሞቀ ውሃ ሲታጠብ ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል።

4ኛ/ ስፖንጅ ያለበት ወንበር ከከሰል ማንደጃ ይራቅ።

ለእርሻ የተሠራ መርዝ በትራስ ላይ መርጨት ሕፃናትን ይጎዳል። በዲ.ዲ.ቲ. የማይሞት ትኋን በሃዋይ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ነውና መርዝ ብቻውን መታመኛ አይሆንም።

አዲስ ትራስ ለመግዛት አቅም ያጠረውም አይፈር፤ ተባይ ካለበት ትራስ ይልቅ ታጥቦ የደረቀ ባዶ እንጨት ለእንግዳ ይበልጥ ክብር ነው።