ከሞተሩ በፊት አሞርዛተሩ

ከሰፈራችን ሕንፃዎች በስተጀርባ ገና ቤት ያልተሠራበት ባዶ ቦታ አለ። አፈሩ ልቅ ነው፣ ጠጠሩም ብዙ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች እዚያ ይሰበሰቡና በሻላት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖቻቸውን ያስሮጣሉ። እነዚህ መኪኖች ወለል ላይ ከሚሽከረከሩት የሕፃናት መጫወቻዎች ይለያሉ። ጎማቸው ባለ ጥርስ፣ ሆዳቸው ከመሬት ከፍ ያለ፣ በባትሪ የሚሠሩና በአፈርና በድንጋይ ላይ እንዲሄዱ የታሰቡ ናቸው። ስማቸው ‹‹በጊ›› ይባላል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እዚያ ቆሜ ስመለከት፣ በቅርብ ከጎንደር አካባቢ የመጡ አንድ አባት አጠገቤ ቆሙ። በአገራቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እዚህ የሚሠሩት በፋብሪካ ውስጥ ዕቃ በማሸግ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ከጎረቤት የተሰጠው አሮጌ በጊ አለው።

‹‹ብርቱ ሞተር ግዛልኝ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ›› አሉኝ። ‹‹ዋጋውን ብጠይቅ የሁለት ቀን ድካሜ ነው። አልገዛም ብለው ከጓደኞቹ ሊያንስብኝ ነው፤ ብገዛው ደግሞ የቤት ኪራዩ አለ። አንተ ታውቅ እንደሁ ንገረኝ ወንድሜ፣ ሞተሩ ቢቀየር መኪናው ይፈጥናል?››

‹‹አስፋልት ላይ ቢሆን ይፈጥናል፤ እዚህ ግን ቶሎ ይገለበጥብዎታል›› አልኳቸው። ያን ዕለት በቆምንበት ቦታ ሁሉን ነገር ማስረዳት አልቻልኩም ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ ያለባቸው ሌሎች ወላጆችም እንደሚኖሩ ስለማምን፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ፌንጣዋና ወርቃማዋ

ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ‹‹ራፍ ራይደር›› እና ‹‹ሳንድ ስኮርቸር›› የተባሉ፣ ከእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉ የኤሌክትሪክ በጊዎች አወጣ። በ1984 ደግሞ ለጀማሪ የምትሆን ርካሽ መኪና ሠርቶ ‹‹ግራስሆፐር›› አላት፤ ፌንጣ ማለት ነው። ብዙ ልጆች ይህን ጨዋታ የጀመሩት በእርሷ ነው። የፌንጣዋ ሁለት የኋላ ጎማዎች በአንድ ግትር አክስል ላይ የተያያዙ ናቸው። ሞተሩና ካምቢዮውም ከአክስሉ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ። ሞላ አላት፤ የሞላውን ንዝረት የሚገታ ዘይት ግን የላትም። ስለዚህ አንዱ የኋላ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ሌላውም አብሮ ይናጋል፤ ከጉብታ ከወረደች በኋላም ስሟን ላለማሳፈር ደጋግማ ትዘላለች።

በዚያው በ1984 በካሊፎርኒያ የሚገኘው አሶሲዬትድ የተባለ ኩባንያ ‹‹አርሲ-10››ን ለገበያ አቀረበ። ንድፉን ያወጣው ሮጀር ከርቲስ ነው። ሻንሲው ወርቃማ ቀለም ካለው አሉሚኒየም የተሠራና እንደ ገበታ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ነበር። ሞተሩ ሌሎቹም የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አራቱም ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክንድ ላይ ተንጠልጥለው ለብቻቸው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አራቱም ዘይት የተሞላ አሞርዛተር አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1985፣ በካሊፎርኒያ ዴል ማር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና፣ በሁለት ጎማ በሚነዱት ምድብ ጄይ ሃልሲ የተባለ ተወዳዳሪ በዚህችው መኪና አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት በጊዎች የቱንም ያህል ቢሻሻሉ ከዚህ ሐሳብ አልወጡም። ሞተር ጉልበት የሚሰጠው ጎማው መሬት እስከነካ ድረስ ብቻ ነው። በአየር ላይ የሚሽከረከር ጎማ ባትሪ ይበላል እንጂ መንገድ አይሄድም።

ዘይቱ ምን ያደርጋል?

በጎንደርና በደባርቅ መካከል በቀድሞው የጠጠር መንገድ በአሮጌ አውቶቡስ የሄደ ሰው አሞርዛተር ምን እንደሆነ በወገቡ ያውቀዋል። ሞላ ጉልበትን ተቀብሎ ያጠራቅማል፤ አያጠፋውም። ተጭኖ የነበረ ሞላ መልሶ ይወረውራል፣ እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ይወረውራል። አሞርዛተሩ ውስጥ ግን ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ፒስተን በዘይት ውስጥ ይመላለሳል። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ሲሾልክ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ዝላዩም ይበርዳል። ወፍራም ዘይት እንቅስቃሴውን ያዘገየዋል፣ ቀጭን ዘይት ይለቀዋል።

የልጃችሁን መኪና ባትሪው በላዩ እንዳለ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። እንደ ኳስ የሚነጥር ከሆነ ዘይቱ አልቋል ወይም በጣም ቀጥኗል። ረገብ ብሎ፣ መለስ ብሎ፣ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ በጎን በኩል እዩት። ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ዘንጎች፣ መካኒኮች ሴሚያስ የሚሏቸው፣ መኪናው በቆመበት ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆኑ ይገባል። ይህ ለአብዛኛው በጊ ጥሩ መነሻ ነው።

የሚጨመረው ዘይት የሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ‹‹ያው ዘይት ነው›› ብላችሁ አትጨምሩ። የሞተር ዘይት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ያሳብጣቸዋል፣ ከዚያም አሞርዛተሩ ይነክሳል ወይም ያፈስሳል። ሲሊኮኑን ከሞላችሁ በኋላ ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ፒስተኑን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። አረፋው ሁሉ እስኪወጣ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ልጆች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። የግራውና የቀኙም ልክ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልሆነ መኪናው አንካሳ ይሆናል።

ኩሽኔታና ዲፍረንሻል

በርካሽ በጊዎች ላይ ጎማው የሚዞረው ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ነው። አቧራ ሲገባበት ይፋጫል፣ ይሰፋል፣ ጎማውም መዋዠቅ ይጀምራል። በቦታው ኩሽኔታ ከተገባ ያው ሞተርና ያው ባትሪ መኪናውን ረዘም ላለ ጊዜና በተሻለ ፍጥነት ያስኬዱታል። በእኔ ግምት ከሁሉም ማሻሻያ ለገንዘቡ የሚገባው ይህ ነው። 5 በ11 በ4 ሚሊሜትር የሆነው ልክ የተለመደ ነው፤ ሆኖም በአሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ልኩ በኢንች ስለሚሆን፣ የተበላሸውን ቀለበት አውጥታችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ አትሳሳቱም።

ዲፍረንሻሉ እንደ ትልቁ መኪና ነው። ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱን ያቻችላቸዋል። አርሲ-10 ያመጣው አንዱ ነገር በጥርስ ፋንታ በትንንሽ ኳሶች የሚሠራ ዲፍረንሻል ነው፤ በአንድ ብሎን ይጠብቃል፣ ይላላል። ልጃችሁ ‹‹ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ ሞተሩ ደክሟል›› ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አጥብቆ ይያዝና ከሞተሩ ጋር የተያያዘውን ትልቁን ማርሽ በጣቱ ለማዞር ይሞክር። በቀላሉ ከዞረ ጥፋቱ የሞተሩ ላይሆን ይችላል፤ ዲፍረንሻሉ ላልቷል። ጥገናው በካቻቢቴ ብቻ የሚያልቅ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሞተሩ ቦታም ጥቂት ልበል። አርሲ-10ና እርሱን የተከተሉት በጊዎች ሞተሩን ከኋላ አክስል በስተኋላ ያስቀምጡ ነበር። ክብደቱ በኋላ ጎማዎች ላይ ሲያርፍ በልቅ አፈር ላይ ይቆነጥጣሉ፤ አፍንጫቸው ግን ስለሚቀልል መታጠፍ ይከብዳቸዋል። ከ2010 በኋላ ብዙ ውድድር በምንጣፍና በሰው ሠራሽ ሣር ላይ መደረግ ሲጀምር፣ መሬቱ ራሱ ስለሚቆነጥጥ ንድፍ አውጪዎች ሞተሩን ከአክስሉ በፊት፣ ወደ መሃል አመጡት። ስለዚህ ሻጩ ‹‹አዲሱ ሞዴል ሞተሩ መሃል ነው›› ቢላችሁ አትገረሙ፤ ከሰፈራችን በስተጀርባ ላለው ልቅ አፈር አሮጌው አቀማመጥ ይሻላል።

ባትሪው ቀልድ አይደለም

በቀድሞው ጊዜ መኪናው ሲዘገይ ትርፉ ኤሌክትሪክ በሬዚስተር ውስጥ እየተቃጠለ ወደ ሙቀት ይለወጥ ነበር። ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚመጠን አይባክንም። ሞተሮቹም የሚያልቅ የካርቦን ብሩሽ የሌላቸው ሆነዋል። እነዚህ መልካም ለውጦች ናቸው። ቤት ውስጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ሊፖ የሚባለው የሊትየም ባትሪ ነው። ቀላልና ጉልበታም ነው፤ ሲበደል ደግሞ በእሳት ይነሣል።

ሊፖ የሚሞላው ለሊፖ ተብሎ በተሠራ ማትዔን ብቻ ነው። ለአሮጌው ባለ 7.2 ቮልት ባትሪ የመጣውን ቻርጀር እርሱ ላይ መሰካት አደገኛ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ሊፖ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። እያንዳንዱ ክፍል ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድም አይፈቀድም። ከጎረቤት የተሰጡ አሮጌ መኪኖች ይህን የሚቆጣጠር መሣሪያ ስለማይኖራቸው፣ ሊፖ ባታስገቡባቸው ይሻላል። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ ከቶ አይሞላም፣ ከቤት ቆሻሻም ጋር አይጣልም፤ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይወሰዳል። ሲሞላ አዋቂ ሰው በአጠገቡ ይኑር፣ ከመጋረጃና ከፍራሽም ይራቅ። በተለይ ዓርብ ከሰዓት ሰክቶ ሰንበት እስኪወጣ ድረስ መተው የሚባል ነገር አይሞከርም።

ሱቅ ስትሄዱ የሚያስፈልጓችሁ ቃላት ጥቂት ናቸው። ባትሪው ሶሌላ፣ ቻርጀሩ ማትዔን፣ ሞተሩ ማኖዓ፣ ሞላው ክፊጽ፣ ኩሽኔታው ሜሳቭ፣ አሞርዛተሮቹ ቦልሜ ዛዓዙዒም፣ ዘይቱ ሼመን ሲሊኮን ይባላል። ልጁ ዕብራይስጡን ከእናንተ ቀድሞ ያውቀው ይሆናል፤ ቢሆንም ምን እየተገዛ እንደሆነ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ።

ሞተሩን የግድ መቀየር ቢመጣ፣ ከአምስት ደቂቃ ጉዞ በኋላ ጣታችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ለጥቂት ሴኮንድ መታገሥ ካቃታችሁ በጣም ግሏል፤ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ትንሹን ማርሽ ጥርሱ በሚያንስ መለወጥ ያስፈልጋል።

ወደ እኒያ አባት ልመለስ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ አገኘኋቸው። ኩሽኔታና አንድ ጠርሙስ ዘይት ገዝተው ከልጃቸው ጋር በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መኪናውን ፈትተውት ነበር። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላም አንዱ የኋላ ክንድ እየነከሰ አስቸገራቸው። ልጁ ክንዱ ተሰብሯል ብሎ ነበር። እርሳቸው ግን ክንዱ የሚንጠለጠልበትን ቀጭን የብረት ዘንግ አወጡና በመስተዋት ላይ አንከባለሉት። እየዘለለ ሄደ፤ ጎብጧል። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ አድርገው አቀኑት።

‹‹ማረሻ ሳቀና የኖርኩ ሰውዬ መርፌ የምታህል ብረት ታቅተኝ?›› አሉኝ እየሳቁ።

መኪናው ከጉብታው ዘለለ፣ በአራት እግሩ አረፈ፣ መንገዱንም ቀጠለ። ሞተሩ ያው አሮጌው ነው። ልጁ አሁን አባቱን የሚጨቀጭቀው ወፈር ያለ ዘይት ግዛልኝ እያለ ነው።