ጣራው ሲያፈስ አከራዩ ዝም ካለ

ገላባትና መተማ ዮሐንስ ድልድይ ብቻ ነው የሚለያቸው። የቤት ኪራይ ሕጋቸው ግን አንድ አይደለም። የሚሠራው ቤቱ ያለበት አገር ሕግ ነው፤ የእርስዎ ዜግነት ይህን አይለውጠውም። መተማ ዮሐንስ ላለ ቤት የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገላባት ወይም ገዳሪፍ ላለ ደግሞ የሱዳን ሕግ ማለት ነው።

ከመተማው ልጀምር። ሐምሌ ገብቷል፤ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ግድግዳው ርሷል። ማን ያሠራው? አከራዩ። ቤቱን ደኅና አድርጎ ማስረከብ ብቻ አይበቃውም፤ ኪራዩ እስኪያበቃ እንደዚያው ማቆየትም አለበት። እንደ በርና መስኮት ያሉ ጥቃቅን ጥገናዎች ግን በአብዛኛው የተከራይ ናቸው። ብልሽቱ ከእርጅና የመጣ ከሆነ ይህም ወደ አከራዩ ይመለሳል። ውልዎ ሌላ ነገር ይል እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡት።

«ነግሬው ነበር፤ ነገ ዛሬ ይለኛል» ይሉ ይሆናል። የቃል ወሬ ይካዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ማለትም ግዴታህን ፈጽም ብሎ በግልጽ ማሳወቅ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ተበላሸ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ ይሠራ። በሁለት ቅጂ ይጻፉና አንዱ ላይ ያስፈርሙት። አልፈርም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት። የሚያፈሰውንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። እስካሁን ያወጡት የወረቀት ዋጋ ነው።

«ራሴ አሠርቼ ከኪራዩ ብቀንስስ?» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 1777 በአከራዩ ወጪ ማሠራትን ያውቃል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ግን ከፍርድ ቤት ነው። ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ስምምነት የቀነሱት ብር ያልተከፈለ ኪራይ መስሎ ሊቆጠርብዎት ይችላል። ኪራይ ጨርሶ ማቆምማ ለማስወጣት ሰበብ ለሚፈልግ አከራይ ስጦታ ነው። እኔ የምመርጠው የጽሑፍ ስምምነት ነው። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 3,000 ብር፣ ጥገናው 9,000 ብር ቢሆን፣ የሦስት ወር ኪራይ እንደተከፈለ ይቆጠራል ብላችሁ ትፈራረማላችሁ። የቆርቆሮና የምስማር ደረሰኝ ያስቀምጡ። አናጢው ደረሰኝ ከሌለው የተቀበለውን ጽፎ ይፈርምልዎት።

ካልተስማማ ሽማግሌ ይላኩ፤ ከክስ ይረክሳል። ያም ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። እዚያ ጥገናውን፣ ካሣ ወይም የውሉን መፍረስ መጠየቅ ይቻላል። የዳኝነት ክፍያ፣ ማለትም ክስ ሲከፈት የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከሚጠይቁት መጠን ጋር ይጨምራል። አቅም የሌለው ሰው በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል።

የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1320ም አለ። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድመ ክፍያን በሁለት ወር ይገድባል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነውና ከተማ አስተዳደሩን ይጠይቁ።

ወደ ገላባት እንሻገር። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል፤ የቤት ፈላጊው ብዛት ደግሞ ለባለቤቱ፣ ለሲድ አልቤቱ፣ ጉልበት ይሰጠዋል። ስለዚህ ክርክሩን ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት ይጨርሱት። ውሉን ዐረብኛ በሚያነብ ሰው ያስነብቡ። «ኢጃር» የሚለው ኪራዩ ነው፣ «ሲያና» የሚለው ጥገና። ሲያና የሚል ቃል ውስጡ ከሌለ፣ ሳይፈርሙ ያስጨምሩት።