ደረሳና ኪታቡ በይፋት ቆላ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን እስከ ወሎ ድረስ በሚዘረጋው የይፋት ቆላ ለዘመናት የኖረው የእስልምና ትምህርት ክፍልም ሆነ የጊዜ ገደብ የለውም። ትምህርቱ ቂርአት፣ ተማሪው ደረሳ ይባላል። ደረሳው የሚመዘነው ስንት ዓመት ተቀመጠ ተብሎ ሳይሆን የትኛውን ኪታብ ቀራ ተብሎ ነው።

መነሻው ቁርአን ነው። ልጁ የዕለቱን ክፍል ሉህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየደጋገመ ያጠናውና ለመምህሩ፣ ለሸኹ፣ ያሰማል። ከተሳሳተ ያው ጽሑፍ ለነገ ያድራል። ካላዛነፈ ሉሁ ይታጠብና አዲስ ክፍል ይጻፍበታል። ውሃው የወሰደውን ተመልሶ የሚያይበት ወረቀት ስለሌለው፣ ያለው ነገር በቃሉ የያዘው ብቻ ነው። 114ቱ ሱራዎች የሚያልቁት በዚህ አኳኋን ነው።

ቀጥሎ ፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ይመጣል። አካባቢው በአብዛኛው የሻፊዒን መዝሀብ ስለሚከተል፣ ደረሳው ከአጫጭር ኪታቦች ተነሥቶ በ1277 እ.ኤ.አ. ወዳረፉት ኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ያድጋል። ፈተናው የሚጠናው ግን በነሕው ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ አማርኛ፣ አርጎብኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ የዐረብኛን ሰዋስው ከአጅሩሚያ ጀምሮ እስከ ኢብን ማሊክ አልፊያ ይዘልቃል፤ አልፊያ ደግሞ 1,000 ያህል ቤት ያለው ግጥም ነው። ተፍሲር፣ ማለትም የቁርአን ትርጓሜ፣ የሚከፈተው ይህ ከተያዘ በኋላ ነው።

ሁሉን የሚያቀራ ሸኽ ስለማይገኝ ደረሳው ይሰደዳል፦ ለፊቅህ ወደ አንዱ፣ ለነሕው ወደ ሌላው። በ1937 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሸኽ ጀውሃር ይኖሩባት የነበረችው የአርጎባዎቹ መንደር ሾንኬ ስሟ የገነነው በዚህ ነው። የመንደሩ ሰው ደረሳውን ይመግባል፤ እሱም በሸኹ እርሻ ያግዛል። ሥራው ትምህርቱን ያዘገየዋል፤ ያለ እሱ ግን ድሃው ልጅ ዓመታቱን አይዘልቅም ነበር።

ስደቱ ከአገር ውጭም ይደርስ ነበር። ከ1285 እስከ 1415 እ.ኤ.አ. የወላስማ ነገሥታት የገዙትን ይፋት የዐረብ ጸሐፊዎች ጀበርት እያሉም ይጠሩት ነበር፤ በካይሮው አል-አዝሐርም የጀበርት ተማሪዎች የራሳቸው ሪዋቅ፣ ማለትም ማደሪያና መማሪያ፣ ነበራቸው።

ዛሬ የታተመ ኪታብ በገበያ አለ፤ አስኳላውም የልጁን ቀን ይሻማል። ሆኖም ኪታቡን ገዝቶ ብቻውን ያነበበ ሰው ቀራ አይባልም፤ በሸኽ ፊት ቃል በቃል ማሰማት አለበት።