ኢንሱሊን እና የነርስ ሥራ

ኢንሱሊን ከጨጓራ ጀርባ ከሚገኘው ቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት ዕጢዎች በቀጥታ ወደ ደም የሚለቁት፣ ከመነጨበት ቦታ ርቆ ያለን የአካል ክፍል ሥራ የሚመራ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የኢንሱሊን ዋና ተግባርም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት ገብቶ ኃይል እንዲሆን ማድረግ ነው። በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የሰውነት የመከላከያ ኃይል ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ፣ ታማሚው ሆርሞኑን ከውጭ ካላገኘ በሕይወት መቆየት አይችልም፤ በዓይነት ሁለት ግን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚዳከም ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሜትፎርሚንን በመሳሰሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ይጀመርና፣ ዓመታት ሲያልፉ ኢንሱሊን ሊጨመርበት ይችላል። ኢንሱሊን መጠኑ ሲያንስም ሲበዛም ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ሆኖ ሳለ፣ በየዕለቱ የሚወጋው ሐኪሙ ሳይሆን ታማሚው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። ስለዚህም እውቀቱን ከሆስፒታል ወደ ቤት የሚያሻግረው ነርስ የሕክምናው ግማሽ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መድኃኒቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳት ቆሽት ያወጡትን ንጥረ ነገር ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶ ለሰው እንዲስማማ አድርጎታል። በጥር 1922 መርፌውን መጀመሪያ የወሰደው የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን ነበር፤ የመጀመሪያው መርፌ በበቂ ሁኔታ ባለመጣራቱ እምብዛም ባይጠቅመውም ከቀናት በኋላ የተሰጠው ግን የደሙን ስኳር በግልጽ አወረደው። ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ልጆችን በረሃብ አፋፍ ላይ አቆይቶ ሞታቸውን ከማዘግየት ያለፈ አልነበረም። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የባለቤትነት መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ማስተላለፋቸው፣ ኢንሱሊን በዋጋው ምክንያት ዛሬም ከብዙ ድሆች እጅ መራቁን ለሚያውቅ ሰው ሊታወስ የሚገባው ተግባር ነው።

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ኢንሱሊኖች ናቸው። አንደኛው ሬጉላር የሚባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲሆን በግማሽ ሰዓት ገደማ መሥራት ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፤ ሁለተኛው ኤንፒኤች የሚባለው ፕሮታሚን የተሰኘ ፕሮቲን የተቀላቀለበት ደፍራሽ ፈሳሽ በመሆኑ ቀስ ብሎ ይጀምርና እስከ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይሠራል። ሁለቱ በአንድ ሲሪንጅ እንዲሰጡ ሲታዘዝ የነርሷ ጥንቃቄ በግልጽ ይታያል። ደፍራሹ ከሥር የዘቀጠው እንዲዋሐድ ብልቃጡን ሳትንጥ በመዳፎቿ መካከል በዝግታ ታንከባልለዋለች፤ የብልቃጦቹን ክዳን በአልኮል ጠርጋ፣ መጀመሪያ ወደ ደፍራሹ፣ ቀጥሎም ወደ ጥርቱ አየር ታስገባለች፤ ከዚያ ጥርቱን አስቀድማ ትስብና ደፍራሹን ታስከትላለች። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ በመርፌው ላይ የቀረው ፕሮታሚን ወደ ጥርቱ ብልቃጥ ገብቶ ፈጣኑን ኢንሱሊን ስለሚያዘገየው፣ ታማሚው በሚቀጥሉት ቀናት ከዚያ ብልቃጥ የሚወስደው መድኃኒት እንደታሰበው አይሠራም። በብልቃጡ ላይ 100 የሚል ቁጥር ካለ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 አሃድ ኢንሱሊን አለ ማለት ነው፤ ለ40 አሃድ በተሠራ ሲሪንጅ ከዚህ ብልቃጥ የሚቀዳ ሰው ሳያውቀው ከታዘዘለት ሁለት እጥፍ ተኩል ይወስዳል።

መርፌው በሆድ፣ በጭን፣ በክንድ ወይም በመቀመጫ ቆዳ ሥር ባለው ስብ ይወጋል። ታማሚዎች ሕመሙ ስለሚቀንስላቸው አንድ ቦታ ደጋግመው የመውጋት ልማድ አላቸው፤ በዚያም ቦታ ስቡ አብጦ መድኃኒቱ በቅጡ ወደ ደም አይሠርግም። ስለዚህ ነርስ የመርፌውን ቦታ በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን በጣት መዳሰስም ይኖርባታል፤ ታማሚው ወደ ጤነኛው ቦታ ሲዛወር ደግሞ ያው የቀድሞ መጠን በድንገት ሊበዛበት እንደሚችል አስቀድማ ልታስጠነቅቀው ይገባል። መጠኑ በዝቶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ከታዩ፣ ወይም የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ተቃራኒው አደጋ ኪቶአሲዶሲስ ይባላል፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብን ሲያነድ የሚፈጠሩ አሲዶች በደም የሚከማቹበት፣ ታማሚው በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስበትና ትንፋሹም የፍራፍሬ ሽታ የሚያወጣበት ሁኔታ ነው። ሕክምናው ፈሳሽና በደም ሥር የሚሰጥ ሬጉላር ኢንሱሊን ሲሆን፣ ኢንሱሊን ፖታሲየምን ወደ ሕዋስ አስገብቶ ከደም ስለሚያጎድልና ይህም የልብን ምት ስለሚያዛባ፣ ፖታሲየሙ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ኢንሱሊኑ ሳይጀመር አስቀድሞ ይተካል።

በሌሎች ዕጢዎች ሕመምም የነርስ ምክር ከመድኃኒቱ አይነጠልም፤ ለምሳሌ ለታይሮይድ ማነስ የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ እንዲወሰድ፣ የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት እንዳያቆም፣ ለታይሮይድ መብዛት ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚወስድ ሰው ደግሞ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲሰማው ሳይዘገይ ደሙን እንዲመረመር መንገር የግድ ነው።

በጎንደርና በጅማ የስኳር ሕመም ክትትልን ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በማውረድ በነርሶች እንዲመራ የተደረገው ጥረት፣ ሰው ለመድኃኒት የሚጓዘውን ረጅም መንገድ ያሳጠረ ትክክለኛ አካሄድ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢቀመጥም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በእርጥብ ሸክላ ዕቃ ውስጥ ከፀሐይ ርቆ እንዲቆይ ማስተማር ይቻላል፤ በረዶ የሆነው ግን ቢቀልጥም ይጣላል። የዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ሲቃረብ መጠንና ሰዓት የሚስተካከለው ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ ነው። ጠበል የሚሄድ ታማሚ ብልቃጡንና ሲሪንጁን ቤቱ ትቶ እንዳይሄድ ነርሶችም፣ ካህናትም፣ ቤተሰብም በአንድ ቃል ሊነግሩት ይገባል፤ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላልና።