ከሃይፋ ወደብ እስከ ሙኒክ ጎዳና

እ.ኤ.አ. በ1932 የመጀመሪያው ማካቢያ ሲካሄድ ቴል አቪቭ አዲስ ስታዲየም ቢኖራትም የመዋኛ ገንዳ ግን አልነበራትም። ሯጮቹና ዘላዮቹ በያርኮን ወንዝ አጠገብ ሲፎካከሩ ዋናተኞቹ ወደ ሰሜን ወጥተው በሃይፋ ወደብ ውሃ ውስጥ ተወዳደሩ። ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ሃይፋ ከኢየሩሳሌምና ከቴል አቪቭ ጋር የዚያው ውድድር አስተናጋጅ ነበረች።

ማካቢያ ከየአገሩ የሚመጡ አይሁድ ስፖርተኞችና የእስራኤል ዜጎች በየአራት ዓመቱ የሚገናኙበት ሁለገብ የስፖርት ውድድር ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ዮሴፍ ይኩቲኤሊ የ1912ቱን የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ወሬ ሲሰማ ገና ልጅ ነበር። አገሪቱን ያኔ ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ወደ እሷ የሚገቡትን አይሁድ ቁጥር ስለገደቡ ውድድሩ የመግቢያ በርም ሆነ፤ በ1935 ከመጡት ስፖርተኞች ብዙዎቹ ወደመጡበት ሳይመለሱ ቀሩ። ለ1938 የታሰበው ሦስተኛው ማካቢያም ሳይካሄድ ቀረ።

ይሁን እንጂ ማካቢያ የዘመድ ውድድር ነው። አንድ አገር የአትሌቲክስ አቅሙን የሚለካው ከጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ነው። ለኢትዮጵያ ይህ አስቸግሯት አያውቅም፤ ማሞ ወልዴ በ1973 በሌጎስ የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ማራቶንን ሲያሸንፍ የተሰለፈው በገዛ አህጉሩ ነበር። እስራኤል ግን ከማን ጋር እንደምትሮጥ ገና መፈለግ ነበረባት።

መጀመሪያ ያገኘችው እስያን ነው። በ1954 በማኒላ የእስያ ጨዋታዎች አሁቫ ክራውስ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ወሰደች። በ1962 አዘጋጇ ኢንዶኔዥያ ለእስራኤል ልዑካን ቪዛ ከለከለች። በ1970 በባንኮክ ሃና ሸዚፊ 800 እና 1500 ሜትርን አሸነፈች፤ ገና 18 ዓመቷ የነበረችው አስቴር ሻሃሞሮቭ ደግሞ በ100 ሜትር መሰናክልና በአምስት ዓይነት ጥምር ውድድር ሁለት ወርቅ፣ በርዝመት ዝላይ ብር አገኘች። በ1974 በቴህራን አስቴር 100 ሜትር፣ 200 ሜትርና 100 ሜትር መሰናክልን ጠቅልላ ወሰደች። በዚያው ውድድር ኩዌትና ሰሜን ኮሪያ ከእስራኤል ጋር እግር ኳስ አንጫወትም ብለው ነበር። የአጭር ርቀት ሩጫ ለዚህ ዓይነቱ ኩርፊያ አይመችም፤ እያንዳንዱ በየመስመሩ ይሮጣል፣ ሰዓቱም የማንንም ባንዲራ አያይም። የእስራኤል ሴቶች በእስያ መም ላይ የጻፉት ታሪክ ዛሬ እምብዛም የማይነሳ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በአገሪቱ የአትሌቲክስ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ጥቂት ነውና።

በባንኮክና በቴህራን ድሎች መካከል ሙኒክ አለ። በ1972ቱ ኦሊምፒክ አስቴር በ100 ሜትር መሰናክል ለግማሽ ፍጻሜ አልፋ ነበር። መስከረም 5 ታጣቂዎች የእስራኤልን ልዑካን ማረፊያ ወረሩ፤ ከተገደሉት 11 እስራኤላውያን አንዱ አሠልጣኟ አሚጹር ሻፒራ ነበር። አስቴር ግማሽ ፍጻሜውን ሳትሮጥ ተመለሰች። ጨዋታው ከቆመበት ቀጥሎ መስከረም 10 ማራቶን ተሮጠ፣ ማሞ ወልዴም የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። አስቴር ከአራት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ለፍጻሜ ደርሳ ስድስተኛ ወጣች።

የቴህራኑ ለእስራኤል የመጨረሻው የእስያ ጨዋታ ሆነ። በ1982 የተመሠረተው የእስያ ኦሊምፒክ ምክር ቤትም እስራኤልን አላካተተም። ስለዚህ አትሌቶቿ ወደ አውሮፓ ዞሩ። ከሩሲያ የመጣው አሌክሳንደር አቨርቡክ በ2002 በምርኩዝ ዝላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከተማዋም ሙኒክ ነበረች።

ከዚያ ደግሞ የእኛ ልጆች መጡ። በነሐሴ 2022 ሙኒክ የዘጠኝ ስፖርቶችን የአውሮፓ ሻምፒዮና በአንድነት አስተናገደች። ነሐሴ 15 በተሮጠው የወንዶች ማራቶን በኢትዮጵያ የተወለደውና በልጅነቱ ወደ እስራኤል የገባው ማሩ ተፈሪ ከጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር ጋር እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ተናንቆ በሁለት ሰከንድ ተቀደመ። ሪንገር 2፡10፡21፣ ማሩ 2፡10፡23፤ ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ጋሻው አያለ ነሐሱን ይዞ ገባ። በቡድን ደግሞ የሦስት ሯጮች ሰዓት ይደመራል፤ የእስራኤል ወንዶች በዚህ ወርቅ ወሰዱ። ማሞ ነሐስ ባጠለቀባት፣ አስቴር አሠልጣኟን ባጣችባት ከተማ ከ50 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ወደ ጀመርንባት ሃይፋ ስንመለስ፣ የከተማዋ ትልቁ ስታዲየም ሳሚ ኦፈር የተሠራው ለእግር ኳስ ነው፤ የሩጫ መም የለውም። ለማራቶን ግን መንገድ ይበቃል፤ ዳዶ የባህር ዳርቻ አለ፣ ዳገት ለሚፈልግም የቀርሜሎስ ተራራ ከከተማዋ በላይ ቆሟል። ማሩ በበኩሉ ከሙኒክ በኋላ አልቆመም፤ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ከኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ ከኋላው ነሐሱን የወሰደው የኢትዮጵያው ልዑል ገብረሥላሴ ነበር።