ውበት በመርፌ፤ ዘግይቶ የሚመጣው እብጠት

ፊትን ለማሳመር ከቆዳ በታች በመርፌ ስለሚገባው መሙያ ሲወራ የሚነገረው የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነው። ከንፈር ሞልቶ፥ የጉንጭ ጉድጓድ ጠፍቶ መታየቱ እውነት ነው። እኛ ዛሬ ልናመለክት የፈለግነው ግን ከወራት፥ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የሚደርሰውን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ሮበርት ጌርሱኒ የተባለ የቪየና ሐኪም የጎደለውን የሰውነት ቅርጽ ለመሙላት ቫዝሊን በመርፌ ወደ ሰው ገላ አስገባ። ቀጥሎም ፓራፊን የተባለው ሰም ተስፋፋ። በኋላ የማርልቦሮ መስፍን ሚስት የሆነችው ግላዲስ ዲከን፥ በቁንጅናዋ ስሟ የተጠራ ወጣት ሳለች፥ የአፍንጫዋን ቅርጽ ለማቅናት ይህንኑ ሰም ተወጋች። ሰሙም ከቦታው ተንሸራቶ ወደ አገጭዋ ወረደና መልኳን አበላሸው፤ እርሷ ግን እስከ 1977 ድረስ ኖረች። እናቶቻችን ወይባ ሲሞቁና እንሶስላ ሲቀቡ ያላማረውን ጊዜ ያለቅቀው ነበር።

የዛሬው መሙያ ከሰሙ እጅግ እንደሚሻል አንክድም። አብዛኛው የሚሠራው ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በ1934 ከከብት ዓይን ውስጥ ካገኙት ሂያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ ይህም በገዛ ሰውነታችን ውስጥ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ቶሎ ሟሙቶ እንዳይጠፋ በኬሚካል ስለሚጠነክር፥ ሰውነት አንዳንድ ጊዜ እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። ከመርፌው ጋር የገቡ ጥቂት ተሐዋስያንም በውስጡ ተሸሽገው ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ጉንፋን፥ የጥርስ ሕክምና ወይም ክትባት ሲቀሰቅሰው ፊት ያብጣል፤ ይቀላል፤ ጠጣር እጢ ያወጣል። በ2020 የሞደርና የኮቪድ ክትባት በ30 ሺህ ያህል ሰዎች ላይ ሲፈተን፥ አስቀድመው መሙያ የተወጉ 3 ሰዎች ፊታቸው ወይም ከንፈራቸው አብጦ ነበር፤ እብጠቱም አልፏል።

እንግዲህ በአንድ ከተማ መርፌውን ተወግታ፥ ዛሬ ከካምፓላ አምስት ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነው በናካዋ የምትኖር የአገራችን ልጅ እብጠቱ በድንገት ቢመጣባት ምን ታድርግ? ወደ ውበት ቤት ተመልሳ ሌላ መርፌ መጨመር፥ ወይም እጢውን በጣት መጭመቅ አይገባትም። በዚያው ክፍለ ከተማ በናጉሩ በ2012 የተከፈተውን የመንግሥት ሆስፒታል ወይም ሌላ ሐኪም ቤት ትጠይቅ። የመሙያውን ስም፥ የተወጋችበትንም ቀን የሚያሳይ ወረቀት ካላት ይዛ ትሂድ፤ ከሌላትም ሳታፍር የምታውቀውን ሁሉ ትናገር። (መርፌው እንደ ገባ ቆዳ ቢነጣ ወይም ዓይን ቢጋረድ ግን ለቀጠሮ ጊዜ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።)

ወረቀቱን የምናከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። መሙያው ሂያሉሮኒክ አሲድ ከሆነ ሐኪሙ ሂያሉሮኒዴዝ በተባለ መድኃኒት ሊያሟሟው ይችላል፤ ተሐዋስያን ካሉም አስቀድሞ እነርሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ያዛል። በየጓዳው የሚወጋው ፈሳሽ ሲሊኮን ከሆነ ግን ማሟሚያ የለውም፤ ከሥጋ ጋር ተዋሕዶ ስለሚቀመጥ፥ በቢላዋ ሲወጣ እንኳ ጤነኛውን ሥጋ ይዞ ይወጣል።