አንድ 16 እና ሁለት 8

ኮምፒውተር ራሱ ሊገጣጥም የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰር ነው፤ ቀጥሎ ስለ ግራፊክስ ካርድ። ራም የሚታወሰው ብሩ ሊያልቅ ሲል ነው። «16 ጊጋ ካለው ይበቃል» ይባልና ይታለፋል። እኔ ግን ማዘርቦርድ ላይ ከሚሰኩት ዕቃዎች ሁሉ የምወደው ይህን ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ የሚገባውን ክብር አግኝቶም አያውቅም።

ራም ፋይል ማስቀመጫ አይደለም፤ ያ የኤስኤስዲ ሥራ ነው። ራም ፕሮሰሰሩ አሁን በእጁ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ገበታ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። የዛሬው ራም የተሠራበት ሐሳብ የአይቢኤሙ መሐንዲስ የሮበርት ዴናርድ ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። አንዲት ቢት የምትያዘው በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ ነው። ካፓሲተሩ ደግሞ እንደ ቀዳዳ እንስራ የያዘውን ያፈሳል። ስለዚህ ዲዲአር4 በሚባለው የራም ትውልድ ላይ ያለው ሁሉ በየ64 ሚሊሴኮንዱ እየተነበበ እንደገና ይሞላል። እናንተ ቡና ልታፈሉ ተነስታችሁ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንኳ፣ ራሙ የያዘውን ላለመርሳት በሴኮንድ ከ15 ጊዜ በላይ ራሱን ያስታውሳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ራም በሁለት ጣት አንጠልጥሎ የሚያወዛውዝ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።

ስለ ፕሮሰሰር ብዙ አልልም። ለትምህርት፣ ለቢሮ ሥራና ለመጠነኛ ዲዛይን ባለ 6 ኮር ይበቃል። ከቁጥሩ ኋላ ያለችውን ፊደል ግን አንብቡ። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ካለች ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ለብቻ ካልተገዛ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ላይ የሚቀመጠው ዲዲአር4 ነው፤ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የ12ኛው፣ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ኢንቴሎች ሁለቱንም ያውቃሉ፤ ማዘርቦርዱ ግን በአብዛኛው አንዱን ብቻ ይቀበላል። የራሙ ጥርስ መሐል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። አልገባ ያለውን በጉልበት መጫን ማዘርቦርድ መስበር ነው።

ራሙን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ሁለቱን አብሮ መምረጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ አርክቴክቸር ይማራል። ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር ገዝቶ ገጣጥሞ አንድ ቀን ጠራኝ፤ የሕንፃውን ሞዴል ሊያዞር ሲል ስክሪኑ ይንቀረፈፋል። ፕሮሰሰሩን በባለ 8 ኮር ሊቀይር አስቦ ነበር። ከፍቼ ሳየው ያለው አንድ ባለ 16 ራም ብቻ ነው።

«ሁለት 8 ለምን አልገዛህም?» አልሁት።

«ጋሼ፣ 16 እኮ 16 ነው! ሻጩም ወደፊት ሌላ ትጨምርበታለህ ብሎኛል።»

አይደለም። ሁለት የእህል መጋዘን አስቡ፤ የሚይዙት እኩል ነው፣ አንደኛው ግን አንድ በር፣ ሁለተኛው ሁለት በር አለው። ፕሮሰሰሩ ወደ ራም የሚወስዱ ሁለት ቻናሎች አሉት። አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ሁለተኛው በር ተዘግቶ ይውላል። ባለ 3200 ዲዲአር4 በአንድ ቻናል ቢበዛ በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት ቻናል 51.2። ግራፊክስ ካርድ የተሰካለት ማሽን ይህን ብዙም ላይሰማው ይችላል፤ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ አለውና። 5600ጂ ግን ግራፊክሱ ውስጡ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ስክሪኑ ላይ የሚሣለው ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ራም ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ በአንዲት በር ሲጋፉ ነበር የከረሙት።

ከራሴ ማሽን ሁለት 8 ነቅዬ መጣሁ። ልጁ ተቀብሎ አንደኛውና ሁለተኛው ስሎት ላይ ጎን ለጎን ሊሰካቸው ሲል እጁን ያዝሁት። ባለ አራት ስሎት ማዘርቦርድ ላይ እነዚያ ሁለቱ የአንድ ቻናል ናቸው። ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰኩት። ለምን አንደኛውና ሦስተኛው አይሆኑም? አብዛኛው ቦርድ ላይ የእያንዳንዱ ቻናል መስመር የቅርቡን ስሎት አልፎ የሩቁ ላይ ያበቃል። ራሙ የቅርቡ ላይ ተሰክቶ ጫፉ ባዶ ከቀረ፣ ምልክቱ እንደ ገደል ማሚቶ ከባዶው ጫፍ ተመልሶ ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል። ዝግ ባለ ፍጥነት ይቻላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ማሽኑ ያለ ምክንያት መዘጋትና መነሳት ይጀምራል። ማዘርቦርዱ ካርቶን ውስጥ ያለችው መመሪያ ይህን በሥዕል ታሳያለች። እሷን ሳይገልጡ የሚጥሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ሞዴሉ ሳይንቀረፈፍ ዞረ። ልጁ ታስክ ማናጀር ከፍቶ የራሙን ፍጥነት ሲያይ 2400 ይላል፤ ራሙ ላይ የተጻፈው ግን 3200 ነው። ይህም የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለው ራም ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚለውን ካልከፈቱለት የተጻፈበትን ፍጥነት አይሰጥም። ኤኤምዲ ለዲዲአር5 ያወጣው ተመሳሳዩ ኤክስፖ ይባላል። በከፈሉበት ፍጥነት አንድም ቀን ሳይሠሩ የሚያረጁ ራሞች ስንት አይቻለሁ። ከፈተው፤ ማሽኑ ተነሳ፤ 3200 አለ።

በማግስቱ ነጠላዋን 16 ይዞ ሱቅ ሄደ፤ በሁለት 8 ለውጠውለት የእኔን መለሰልኝ። የፕሮሰሰሩን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሳም።